ጤፍ የበላ ሌንስ

ቀዩ የውሃ ተርብ መጥቶ ቄጠማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መልካሙ ትንፋሹን ዋጠ።

ቦታው ከአልዩ አምባ ገበያ በታች ነው። ምንጩ ከቋጥኝ ሥር ወጥቶ ከብቱ ከሚጠጣበት ከፍ ብሎ ትንሽ ኩሬ ይሠራል። ሰማያዊው ተርብ እዚህ ሁልጊዜ አለ፤ ቢጫውም አይጠፋም። ቀዩ ግን ኩሩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ኩሬው ላይ ስታርፍ ብቅ ይልና አራት ክንፎቹን ወደ ፊት ደፍቶ፣ እንደ በርበሬ ዛላ ቀልቶ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል። የሰው ጥላ ካየ በቃ፣ የዚያን ቀን ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ወደ እሱ የሚጠጋው ሰውየው ሳይሆን ሌንሱ ነው። ሰው ከወዲያ ማዶ በደረቱ ተኝቶ፣ ረጅሙን ሌንስ ጎትቶ ዓይኑን ብቻ ይልካል።

መልካሙም እንደዚያው ተኛ። ቦርሳውን ከፈተ፤ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ጎትቶ ዓይኑን ካሜራው ላይ አደረገ። ያየው ጉም ነው፤ የአንኮበር ገደል በክረምት እንደሚለብሰው ያለ ነጭ ድፍን ጉም። የፊተኛውን መስታወት በጨርቅ ጠረገ። ጉሙ አለ። የኋላውን ጠረገ። አሁንም አለ። ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ በብርሃን ሲያየው ጠብታዎቹ ያሉት ከውስጥ ነው፤ እጅ በማይደርስበት፣ በመስታወትና በመስታወት መካከል። ቀና ሲል ቀዩ ተርብ ሄዷል። ሄደም አልሄደም መልካሙ አሁን ስለ ተርብ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም። ሌንሱ የሱ አይደለማ።

እነዋሪ ለተወለደ ሰው መቀናጆ ምን እንደ ሆነ አይነገረውም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱ በሬዎች ባንድ ቀንበር ተጠምደው አንድ ቀን የዚህን ማሳ፣ በማግሥቱ የዚያን ያርሳሉ። የመልካሙ አባት አቶ ወልደተንሣኤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንዲህ አርሰው ነው። መልካሙ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ተምሮ ተመረቀ፤ የተማረበት ሥራ እስኪገኝ ብሎ ፎቶ ቤት ገብቶ የመታወቂያ ፎቶ ያነሣል። ያለው ንብረት አንድ ካሜራ ነው። አብሮት የተማረው ዘይኑልአቢዲን ደግሞ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ እሱ ያለው ሌንስ ብቻ ነው። ጅዳ ያለውን አጎቱን ካሜራ ላክልኝ ቢለው፣ አጎትየው ሱቅ ገብቶ ከሁሉም ትልቅ የሆነውን ነገር መርጦ ላከለት። እስከ ዛሬም የላከው ካሜራ ይመስለዋል። ደግነቱ የሌንሱ አንገት ከመልካሙ ካሜራ ጋር ገጠመ። አንዱ ያለ ሌላው ሥራ ፈት ነውና ሁለቱ ጓደኛሞች ተቀናጁ፤ ሳምንት ለመልካሙ፣ ሳምንት ለዘይኑ። ተራው የሚለወጠው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መልካሙ ተርብ ያሳድዳል፣ ዘይኑ ወፍ፤ ያነሡትን ባንድ የቴሌግራም ቻናል ይለጥፉታል።

ዘንድሮ ዘይኑ የያዘው ሥራ ትልቅ ነው። አንኮበር ካለው ገደል ላይ ጺማሙ ጥንብ አንሳ፣ ያ አጥንት ይዞ ሰማይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው፣ ጎጆ ሠርቷል። አንድ ጫጩት አለው። ዘይኑ ተራው በደረሰ ሳምንት ሁሉ ከገደሉ ማዶ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተባዘተ ጥጥ ከሚመስልበት ጊዜ ጀምሮ ጠቁሮ ላባ እስካወጣበት ድረስ አንሥቶታል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከጎጆው ተነሥቶ መጀመሪያ የሚበርባት ቅጽበት። እሷ ካለፈች ካለፈች ናት። ሐሙስ ዕለት ከተማ ገብቶ ደውሎ ጫጩቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ክንፉን ማራገብ እንደ ጀመረ ሲነግረው፣ መልካሙ ሌንሱን አሁኑኑ ይዤልህ ልምጣ አለው። ዘይኑ እምቢ አለ። ቀን ቀን ነው፣ ተርብህን ጨርስና ቅዳሜ ማታ አፋፉ ላይ አምጣልኝ፣ እስከዚያ እንዳይበር እኔ እለምነዋለሁ አለው።

እንግዲህ ቅዳሜ ዛሬ ነው።

መልካሙ ሌንሱን እንደ ታመመ ልጅ በሹራቡ ጠቅልሎ ኩሬው ዳር ተቀመጠ። ጥፋቱ የጀመረው ከትናንት ማታ ነው። ዓርብ ማታ የአንኮበር ከተማ ጎሮቤላ አልጋ ይዞ አደረ። ብርድ ልብስ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ቦርሳው መስኮቱ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ሲነጋ ቦርሳው አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያዎቹ በላይ ተጭኖ ቁልቁል ወረደ። ከአንኮበር አልዩ አምባ መንገዱ አጭር ነው፤ ሰው ግን ካፖርት ለብሶ ጀምሮት በሸሚዝ ይጨርሰዋል። ሌንሱ ደጋውን በሆዱ እንደ ያዘ ቆላ ገባ። መልካሙ ደግሞ ጊዜ ሳይሰጠው ውሃው ዳር ከፍቶ ጎተተው፤ ዙም ሲጎተት እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይስባል፤ የቆላው እርጥብ አየር ገብቶ ብርዱ መስታወት ላይ አላበ። ይህን ሁሉ በኋላ ረጋ ብሎ አሰበው እንጂ፣ ያኔ የታየው ነገር ዘይኑ አፋፉ ላይ ባዶ እጁን ተቀምጦ ጫጩቱ ሲበር ብቻ ነው።

ስልክ ውሃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቷል። ተነሥቶ ወደ ገበያው ወጣ።

የዘይኑ ታላቅ እህት ኩብራ ገበያው ዳር የእህል መደብር አላት። መልካሙ ቆላ ሲወርድ ዕቃውን የሚያሳርፈው እዚያ ነው። ሩዝ እንዳላት ሲጠይቃት ለማን ሠርግ ነው ብላ ሣቀችበት፤ ሩዝ አልቋል፤ ማሽላ አለ፣ ማሾ አለ፣ ጤፍ አለ። ምን ሊያደርገው እንደ ፈለገ አልነገራትም። የወንድሟን ዕቃ ነው ያበላሸው፤ ከየት ጀምሮ ይንገራት? ለብቻው ሆኖ አሰላሰለ። ማሽላው ትልቅ ነው፣ ማሾውም እንደዚያው፤ በፍሬና በፍሬ መካከል ክፍተት ይተዋል። ጤፍ ግን ደቃቅ ነው፤ ሌንሱን ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል፤ እርጥበቱን ከየአቅጣጫው ይመጥጠዋል። ፈተና ላይ ቢጻፍ ሙሉ ማርክ የሚያሰጥ ሐሳብ ነበር። ኩብራ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ወደ ጓሮ ዞረ፤ የፊትና የኋላ ክዳኑን ገጠመ፤ እርጥበቱ መውጫ ያግኝ ብሎ ዙሙን እስከ መጨረሻው እንደ ጎተተ፣ ግማሽ የቀረው የነጭ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረው።

ከዚያ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ኩብራ ሻይ ሰጠችው፤ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ መንገዱ መከፈት ጠየቀችው። ጆሮው ግን ጓሮው ላይ ነው። ቀትር አለፈ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ነጭ ጤፍ ስትጠይቅ መልካሙ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ እኔ ላምጣ አላት ኩብራን። ኩብራ መቼ ነው ደግሞ ነጋዴ የሆንከው ብላ ጣሳዋን ይዛ አለፈችው። ጣሳው ጆንያው ውስጥ ገብቶ ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ ድምፁ በሩ ድረስ ተሰማ።

ኩብራ ጤፍ የለበሰውን ሌንስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን ወጣች።

«ይኼ የዘይኑ መነጽር አይደለም እንዴ?»

መልካሙ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምነው ወንድሜ፣ ልታስፈጨው ነው?»

ገዥዋ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሣቀች። መልካሙ ሁሉንም ነገራት፤ ብርዱን፣ ጉሙን፣ ሩዙን። ኩብራ አልተቆጣችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ዘይኑ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያውስ ጤፌን አራግፍና ሂድ።»

መልካሙ ክዳኖቹን አንሥቶ ሌንሱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረ። ጉሙ የለም። ፊትም ኋላም ጥርት ያለ ነው፤ ማዶ ያለው የጣራ ቆርቆሮ ተገልብጦ ቁልጭ ብሎ ታየው። ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ጤፉ ያደረገው አንዳች ነገር እንደ ሌለ ወዲያው ገባው። ሌንሱ ሲሞቅ ጊዜ ጉሙ በራሱ ለቋል፤ ጥላ ሥር አስቀምጦት ሻይ ቢጠጣ ኖሮ ይኸው ነበር የሚሆነው። ብቻ ድኗል። ድኗል ብሎ የዙሙን ቀለበት ሊያጥፍ አዞረው።

ክርችም አለ። ቀለበቱ አልተነቃነቀም። በቱቦውና በቱቦው መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ነጫጭ የጤፍ ፍሬዎች እንደ ጥርስ ተደርድረው አየ።

አራገፈው፤ ነፋበት፤ የጥርስ ብሩሽ ገዝቶ ቦረሸው። ጥቂት ወደቁ፤ የቀሩት ግን ወደ ውስጥ ገቡ። ሊያስገድደው ፈራ። እዚያው እንደ ተቀመጠ አንድ ሐሳብ መጣበት። ሌንሱ አሮጌ ነው፤ ነገ ዘይኑ እጅ ላይ ደረቀ ቢባል ማን ይከራከራል? አቧራ የማይገባበት ዕቃ የለም። ሐሳቡ ለስላሳ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ አብሮት ተቀመጠ። ከዚያ የጋሽ ኪዳነወልድ በሬ ትዝ አለው። መልካሙ ልጅ ሳለ፣ በአባቱ ቀን፣ የጎረቤታቸው የጋሽ ኪዳነወልድ በሬ ቦይ ገብቶ አነከሰ። አባቱ ሞፈሩን እንኳ ሳያነሡ፣ ጭቃቸውን ሳይታጠቡ በቀጥታ ጋሽ ኪዳነወልድ ደጅ ሄዱ። ሲመለሱ ለልጃቸው ያሉት አጭር ነው። የሰው በሬ በቀንህ ቢያነክስ ጉዳቱ የጋራ ነው፤ ዝም ያልክ እንደሆን ግን ዝምታው የብቻህ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ንገር።

ዘይኑ ያለበት አፋፍ ላይ ኔትወርክ የለም። መልካሙ ሌንሱን ጠቅልሎ፣ ካሜራውንም ይዞ ወደ አንኮበር የሚወጣ መኪና ፈልጎ ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በአንዲት ዶሮ መካከል ተቀመጠ። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ፀሐይዋን በመስኮቱ እያየ እሷም ዛሬ የቸኮለች መሰለው።

ዘይኑ የአበባ ፎጣውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ አፋፉ ላይ ኩርምት ብሏል። የቆላ ልጅ ስለሆነ ብርዱን አይችልም። ዓይኑ ከማዶው ገደል አልተነቀለም።

«መጣህ፣ የተርብ እረኛ» አለው ሳይዞር። «ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቀንህን ልትመርቅልኝ ነው?»

መልካሙ አጠገቡ ተቀምጦ የምነግርህ አለኝ አለው። ከዚያ ከጎሮቤላው ሲሚንቶ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር በየተራ ነገረው። ዘይኑ ጎጆውን እያየ ያዳምጣል። ስለ ጉሙ ሲሰማ ጥርሱን ነከሰ። ታሪኩ ኩብራ መደብር ሲደርስ ግን ዞሮ አየው።

«ጤፍ?»

«ጤፍ።»

«ሰርገኛው ነው ነጩ?»

«ነጩ።»

«እንዲያው አክብረኸዋል።»

ፊቱ ላይ ግን ሣቅ አልነበረም። እጁን ዘረጋ። ሌንሱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ቀለበቱን በሁለት ጣት ሞከረው፤ እምቢ ሲለው ወዲያው ተወው። ካሜራው ላይ ገጥሞ ወደ ጎጆው አነጣጠረና ቁልፉን በስሱ ተጫነ። ሌንሱ ውስጥ ያለችው ሞተር ዝዝ አለችና ፎከሱ ያዘ። ዘይኑ ረዘም ላለ ጊዜ አየ። 

«የደረቀው የት ላይ ነው?» አለ ዘይኑ።

«ጫፉ ላይ። ከሁሉ አቅርቦ በሚያሳይበት፣ አራት መቶ ላይ። ጎትቼ ነው የቀበርኩት።»

ዘይኑ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፎጣው ከራሱ እስኪወድቅ ሣቀ።

«ወላሂ መልካሙ፣ እኔ ይኼን ሌንስ እዚህ ተቀምጬ ከአራት መቶ አውርጄው አላውቅም። ጎጆው ማዶ ነው፣ ምን ላድርግ ብዬ አወርደዋለሁ? ከፍ ዝቅ የምታደርገው አንተ ነህ፣ ለተርብህ። የቆለፍከው በገዛ ራስህ ላይ ነው!»

መልካሙ ሊሥቅ ፈልጎ አልሆነለትም፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ።  ዘይኑ ሣቁ ሲበርድለት፣ ሳትነግረኝ ብትሰጠኝ ኖሮ ቦርሳ ውስጥ ላስገባው ስል በጉልበት አጥፌ እሰብረው ነበር አለው። ይህንም ያለው እንደ ዋዛ ነው፤ መልካሙ ግን አባቱን በልቡ አመሰገነ።

ከቆላው የሚነሣው ነፋስ ገደሉን ታክኮ መውጣት ጀመረ። ማዶ ጫጩቱ ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆመ። ክንፉን ከፈተ፤ ነፋሱ ከእግሩ ነቀል አደረገውና መልሶ አስቀመጠው።  ዘይኑ ያኔ፣ መልካሙ እስከ ዛሬ የማይረሳውን ነገር አደረገ፤ ካሜራውን ወደ እሱ ዘረጋ። ፀሐይዋ ገና አለች፣ ተራው ያንተ ነው አለው።

መልካሙ እጁን አልዘረጋም።

«በሬው የቆመው አንተ ማሳ ላይ ነው» አለው። «እረስ።»

ዘይኑ አልተከራከረም። በደረቱ ተኛ፣ ሌንሱን ድንጋይ ላይ አስደገፈ። ጫጩቱ አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ ጎጆውን አየ፤ ምን ረስቶ እንደ ሆነ እንጃ። ከዚያ ዘለለ ማለት አይቻልም፤ ወደቀ። እንደ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ፤ ካሜራው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ግማሽ ገደል ላይ ሲደርስ ክንፎቹ ነፋሱን ያዙ፤ ተንገዳገደ፤ ተስተካከለ፤ ከዚያ ዓለሙን ሁሉ የሱ እንዳደረገ ሁሉ ዘንበል ብሎ ዞረና በቀጥታ ወደ እነሱ መጣ።

«ፎቶውን ሞላብኝ፣ ሞላብኝ» ይላል ዘይኑ፤ ግራ እጁ ሳያውቀው ቀለበቱን ይፈልጋል፤ ቀለበቱ ደግሞ ክርችም እንዳለ ነው። ወፉ አናታቸው ላይ ሲያልፍ ክንፉ እንደሚራገፍ አንሶላ ድምፅ ሰጠ። ዘይኑ ሌንሱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ተከተለው፤ ያኔ አንዲት የጤፍ ፍሬ ከቱቦው ወጥታ ግንባሩ ላይ ጠብ አለች።

ሁለቱም በጀርባቸው ተኝተው፣ ወፉ ከቋጥኙ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አዩት። ዘይኑ ቀስ ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ ራስ ለራስ ገጥመው ምስሎቹን አዩ። ሲወድቅ አለ፤ ክንፉ ነፋሱን ሲይዝ አለ፤ ሲዞር አለ። የመጨረሻው ላይ ያለው አንድ ዓይንና ግማሽ ክንፍ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ዘይኑ ይህችንኛዋን ብቻዋን ለረጅም ጊዜ አያት፤ ቻናሉ ላይ የምትወጣው እሷ ናት አለ። ፀሐይዋ ያኔ ጠለቀች። ተራው ተለወጠ፤ ማንም ልብ አላለውም።

እሑድ አብረው ወረዱ። ኩብራ መደብር ውስጥ ሰፌድ ዘርግተው፣ ሌንሱን አፉን ወደ ታች ደፍተው በጣት ኳ ኳ እያደረጉ፣ ቀለበቱን በፀጉር ስፋት ወዲህና ወዲያ እያሉ ዋሉ። ጤፉ አንድ አንድ እያለ ወረደ። ኩብራ ሰፌዱን አንሥታ አንገዋለለችና፣ ሐላሌን አልተውም ብላ ወደ ጆንያው መለሰችው። የሰው መቀናጆ በሬ ጭድ ይበላል፣ የእናንተ ነጭ ጤፍ ይበላል አለቻቸው። ወደ ማታ ቀለበቱ ለቀቀ። አሁንም ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ትንሽ ክር ይላል፤ ሁለቱም ለምደውታል።

የመልካሙ ሳምንት ደግሞ ደረሰ። ከአንኮበር ወርዶ ኩሬው ዳር ቦርሳውን ጥላ ሥር አስቀመጠው፤ አልከፈተውም። ሌንሱ ቆላውን እስኪለምድ ድረስ ይቆያል። ፀሐይዋ ኩሬው ላይ አረፈች። ቀዩ ተርብ መጣ፤ ቄጠማውን አንዴ ዞረው፤ ከዚያ ቄጠማውን ትቶ በቀጥታ መጥቶ የቦርሳው ማንጠልጠያ ላይ ተቀመጠ። አራት ክንፎቹን ወደ ፊት ደፋ። ከዚህ ቅርበት በክንፉ ላይ ያለው መረብ ሁሉ ይቆጠራል፤ እንዲህ ቀርቦት አያውቅም።

መልካሙ በጣቱ ጫፍ ቦርሳውን ነካ አደረገ። ገና ብርድ ብርድ ይላል። እጁን ከዚፑ ላይ አንሥቶ ሹራቡን አወለቀና ተደላድሎ ተቀመጠ። ሳምንቱ የሱ ነው፤ የሚያስቸኩለው ነገር የለም።